«ወንድሜ» ያሉኝ ሰዎች

ኮረብታው ስም አልነበረውም። በካርታ ላይ ቁጥር ብቻ ነበረው፤ ቁጥሩንም አሁን ረስቼዋለሁ። ከላዩ በሲሚንቶና በአሸዋ ጆንያ የተሠራ ምሽግ፣ ከሥሩ የወይራ እርከን፣ ከእርከኑ በታች ወደ ድንበሩ የሚወርድ ጠባብ አስፋልት መንገድ። ከመንገዱ ማዶ ሸለቆ አለ፤ ከሸለቆው ማዶ እንደኛው ያለ ሌላ ኮረብታ። ቦታው ደቡብ ሊባኖስ ነው፤ ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር የሰማንያዎቹ መጨረሻ። ሰማዩ በጠራ ቀን ከምሽጉ ጣሪያ ላይ ሆነን ወደ ደቡብ ስናይ ባሕሩ ይታየናል። ከወታደሮቹ አንዱ፣ ሞሪስ፣ «ያ የሐይፋ ወደብ ነው» እያለ ይምል ነበር። አልነበረም። ማንም ግን አላረመውም።

ወደዚያ እንድንወጣ ትእዛዝ የደረሰን እሑድ ጧት ነው። ከሐይፋ አውቶቡስ ጣቢያ ተነሥተን፣ ድንበሩ ላይ ወደ ብረት ለበስ መኪና ተዛውረን፣ እኩለ ቀን ላይ ኮረብታው ላይ ነበርን። የምድባችን ሰው ዘጠኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው ለልጆቼና አሁን አሁን አፍ እየፈቱ ላሉት የልጅ ልጆቼ ነው። እዚህ እስራኤል የተወለደ ልጅ ሁሉን ሰው በዕብራይስጥ «አሒ» ይላል። ወንድሜ ማለት ነው። ሾፌሩም አሒ ነው፤ ፖሊሱም አሒ ነው፤ መንገድ የዘጋበት ሰውዬም አሒ ነው። አንድ ቀን የመጨረሻው ልጄ «አባ፣ አንተ ለምንድነው ይህን ቃል የማትለው? ሰው አትወድም እንዴ?» አለኝ። ሰው እወዳለሁ። የሆነውን ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልነግረው አልቻልኩም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ስሜ አለምነህ ነው። ከጎንደር ገጠር ተነሥተን በሱዳን በኩል ስንመጣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ስደተኞችን የሚመዘግበው ጸሐፊ ስሜን ሁለት ጊዜ አስደግሞኝ ሲያበቃ «ኤሊ» ብሎ ጻፈው። ሠራዊቱም ኤሊ ብሎ ተቀበለኝ። ቤታችን ሐይፋ፣ ሀዳር ሃካርሜል የሚባለው ሰፈር ነበር፤ አባቴ፣ እናቴ፣ ሁለት እህቶቼና እኔ። ታላቅ ወንድሜ ተስፋሁን ሱዳን ቀርቷል። መጠለያው ውስጥ በተቅማጥ ሞተ። ሃያ ዓመት አልሞላውም። በረሃው ላይ እግሬ አብጦ መራመድ ሲያቅተኝ በጀርባው ያዘለኝ እሱ ነው።

ወደ ምድቡ የገባሁ ዕለት አንድ ቀይ ፊት፣ ጠጉሩ የተንጨባረረ ልጅ ትከሻዬን አቅፎ «አሒ! ና፣ አልጋህ እኔ አጠገብ ነው» አለኝ። ሞሪስ ነበር፤ የቲራት ካርሜል ከተማ ልጅ፣ ወላጆቹ ከሞሮኮ የመጡ። ወፍራም ድምፅ አለው። መትረየስ ተኳሻችን እሱ ነው። እኔ እጁን ከትከሻዬ ላይ አነሣሁት።

«እንደሱ አትበለኝ» አልኩት። «ወንድም ነበረኝ። ሞቷል።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየመኝ ነበር። ሞሪስ ግን አንገቱን ደፍቶ «ታዲያ ሐቬር ልበልህ?» አለኝ።

ያ ቃልም ሌላ ጣጣ ነበረው። ሐቬር ጓደኛ ማለት ነው። ኡልፓን፣ ማለት የዕብራይስጥ መማሪያው ክፍል ውስጥ፣ አስተርጓሚው ቃሉን ለሽማግሌዎቹ ሲያስረዳ «ጓድ እንደ ማለት ነው» ብሎ ነበር። አባቴ ያን ዕለት ደብተሩን ዘግቶ ወጣ። ምክንያቱን አውቃለሁ። በመንደራችን ሰዎች ወደ ሱዳን መጥፋት ሲጀምሩ ካድሬው ቤታችን መጥቶ «ጓድ ባየ፣ ጎረቤትህ ወዴት ሄደ? እኛ እኮ ጓዶች ነን፤ በጓዶች መካከል ምሥጢር የለም» አለው። አባቴ «አላውቅም» አለ። ሦስት ቀን አሰሩት። ሲመለስ የግራ እጁ ጣቶች አይታጠፉም ነበር።

ይህን ሁሉ ለሞሪስ በዚያ በተሰባበረ ዕብራይስጤ አላብራራሁለትም። «በስሜ ጥራኝ» ብቻ አልኩት።

«ኤሊ?»

«አለምነህ።»

ሞከረ፤ ምላሱ አልታዘዝ አለው። በመጨረሻ «አለም» ብሎ ተወው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አለም ሆንኩ። ሌሎቹም ተከተሉት። ተስፋሁንም እቤት የሚጠራኝ እንደዚያ ነበር፤ ይህን ለሞሪስ አልነገርኩትም።

በኮረብታው ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ጥበቃና ጭቃ ነበሩ። ክረምት ነው፤ ዝናቡ ከጎን ነው የሚመታው። ሞሪስ ዝም ማለት አይችልም። ከሰዓት በኋላ ዘብ ላይ አብረን ስንቆም ቃል ይለምነኛል።

«በናንተ ቋንቋ ለሐቬር ስንት ስም አላችሁ?»

ቆጠርኩለት። አብሮህ ያደገ አብሮ አደግ ነው። መንገድ አብሮህ የሚሄድ፣ ማዕድ አብሮህ የሚቀርብ ባልንጀራ ነው። ልብህ የፈቀደው ወዳጅ ነው። ጓደኛ የሁሉም ነው፤ የሥራም፣ የትምህርት ቤትም።

«እኔ የትኛው ነኝ?»

«ገና ነህ» አልኩት።

ሳቀ። ሳቁ ከምሽጉ ውስጥ ዳኒን አስወጣው።

ዳኒ የምድባችን አዛዥ ነው። የክርያት ሞጽኪን ከተማ ልጅ፣ ሃያ አንድ ዓመቱ፣ መነጽር ያደርጋል። ማንንም አሒ ብሎ አያውቅም። በቤተሰብ ስማችን ነበር የሚጠራን። ጫማችን፣ ውኃችን፣ ጥይታችን፤ ይህን ነበር የሚጠይቀን። እናትህ እንዴት ናት፣ እንቅልፍ ወሰደህ ወይ፣ የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም። እኔ የሬዲዮ ተሸካሚው ስለሆንኩ ከሁሉም በላይ ለእሱ እቀርባለሁ፤ ሁልጊዜ ከኋላው ነኝ። በሰባት ወር ውስጥ የጠየቀኝ «ባትሪው ሙሉ ነው?» የሚል ብቻ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ያን ጊዜ ስለ ዳኒ የነበረኝን ሐሳብ አልደብቅም። ደረቅ ሰው፣ ልበ ቀዝቃዛ፣ ምናልባትም እኔን በመልኬ የሚንቅ ይመስለኝ ነበር።

ሦስተኛ የማነሣው ሰው ራሚ ነው፤ ሐኪማችን። ሐኪም የምለው ቁስል የሚያስር ወታደር ማለቴ ነው። የሀዳር ልጅ ነው፤ ከኛ ቤት ሁለት መንገድ አልፎ። እረፍት ሲሰጠን በአንድ አውቶቡስ እንወርዳለን። አባቴን መንገድ ላይ ሲያገኘው ቆቡን አውልቆ በአማርኛ «ጤና ይስጥልኝ» ይለዋል። ሌላ አማርኛ አያውቅም። አባቴ «ይህ ልጅ ያደገ ልጅ ነው» ይለኝ ነበር።

እንግዲህ ስለዚያ ጧት ልንገራችሁ።

በየማለዳው ከኮረብታው ወደ ድንበር የሚወርደውን መንገድ እንከፍታለን። መንገድ መክፈት ማለት በእግር እየሄዱ የተቀበረ ፈንጂ መፈለግ ነው፤ መኪኖቹ የሚያልፉት እኛ ካለፍን በኋላ ነው። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ወጣን። ዝናቡ ቆሟል። ጉም ሸለቆው ውስጥ ተኝቷል። ዳኒ ሞሪስን ከመንገዱ መታጠፊያ በላይ ባለው የድንጋይ ካብ ላይ መትረየሱን ይዞ እንዲቀመጥ አደረገው። ከዚያ ቦታ ማዶ ያለው ኮረብታ በሙሉ ይታያል። ትእዛዙ አጭር ነበር። «ከማዶ ከተተኮሰ፣ እስክናልፍ ድረስ አታቁም።»

«ቤሰደር» አለ ሞሪስ፤ እሺ ማለቱ ነው። ወደኔ ዞሮ ጠቀሰኝ። «አለም፣ አትፍራ። እኔ ከላይህ ነኝ።»

ወረድን። ሦስቱ ከፊት፣ ከዚያ ዳኒ፣ ከዚያ እኔ፣ ራሚና ሁለቱ ከኋላ። መታጠፊያውን አለፍን። ሰላሳ እርምጃ ያህል ሄድን።

ፍንዳታው ከግራ በኩል መጣ። ድምፁን አላስታውስም። ራሴን አስፋልቱ መካከል በሆዴ ተኝቼ አገኘሁት። የቀኝ ጭኔ ሞቀኝ። ከዚያ ከማዶ ተኩስ ተከፈተ። ጥይቱ አስፋልቱን እየፋቀ ያልፋል። ከፊት የነበሩት ሦስቱ ቦይ ውስጥ ገቡ። ከኋላ ያሉት ወደ መታጠፊያው ተመለሱ። ዳኒ ከአንድ ቋጥኝ ኋላ ሆኖ «መትረየስ!» ሲል ሰማሁት። «መትረየስ! ሞሪስ!»

መትረየሱ አልተኮሰም።

ራሚ ወደኔ ሮጠ። ቦርሳውን በደረቱ አቅፎ ነበር የሚሮጠው። አምስት እርምጃ ያህል ሲቀረው በጉልበቱ ወደቀ፤ ከዚያ በጎኑ። አልተነሣም።

ከተኛሁበት ሆኜ ቀና ብዬ ወደ ካቡ አየሁ። ሞሪስ ይታየኛል። መትረየሱ ከጎኑ በእግሮቹ ቆሟል። እሱ ካቡ ሥር ተኮራምቶ ሁለት እጁን የራስ ቁሩ ላይ ጭኗል። ዓይን ለዓይን ተያየን። ፊቱ የሕፃን ፊት ነበር። አፉ ይንቀሳቀሳል። ምን እንደሚል አልሰማሁም።

ዳኒ ከቋጥኙ ኋላ ወጣ። ጎንበስ ብሎ ሮጦ የሬዲዮውን ማሰሪያ ያዘና ይጎትተኝ ጀመር። ቦዩ ድረስ አሥር ሜትር ይሆናል። ቦዩ አፍ ላይ ስንደርስ ገፋኝና ወደ ውስጥ ተንከባለልኩ። እሱ ከላይ ተደፍቶ መጣ። ጥይቱ በብብቱ በኩል፣ መከላከያ ሰደርያው በማይሸፍነው ቦታ ገብቶ ነበር። መነጽሩ የለም።

«ሬዲዮው ይሠራል?» አለኝ።

«ይሠራል።»

«ጥራ።»

ጠራሁ። በሬዲዮ ቁስለኛ «አበባ» ነው የሚባለው። የሞተ ሰው ደግሞ ሌላ የአበባ ስም አለው፤ ቃሉን ተምሬዋለሁ፤ በዚያ ሰዓት ግን ጠፋኝ። «ሁለት አበባ» አልኩ። ከምሽጉ «ድገም፤ አበባ ስንት?» አሉኝ። ወደ ዳኒ ዞርኩ። ዓይኑ ተከፍቷል፤ አያይም። በሬዲዮ ስም መጥራት ክልክል ነው። እኔ «ዳኒ ሞተ። ራሚ መንገድ ላይ ነው» አልኩ። ሁሉም ሰማው።

መትረየሱ መተኮስ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አራት ደቂቃ ያህል ዘግይቶ። ከጀመረ በኋላ ግን አላቆመም። ማዶ ያሉት ከሄዱ በኋላም ይተኩስ ነበር፤ ከእጁ ነጥቀው ነው ያስቆሙት አሉ።

ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ሳይሆን ሄሊኮፕተር ወደ ሐይፋ ወሰደኝ። ራሚና ዳኒ በሌላው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ኦፊር ሆስፒታል መጣ። ኦፊር በዚያ ጧት ከፊት ከነበሩት ሦስቱ አንዱ ነው፤ በምድቡ የሚደመጥ ልጅ። ብርቱካን ይዞልኝ መጣ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አንዱን ላጠልኝ።

«ነገ አጣሪ መኮንን ይመጣል» አለኝ። «ሁላችንንም አነጋግሯል። አንተ ነህ የቀረኸው።»

«ምን አላችሁት?»

«መትረየሱ ተቀረቀረ አልነው። ሞሪስ እስኪያላቅቀው አራት ደቂቃ ፈጀበት። ቤሰደር?»

የላጠልኝን ብርቱካን ሳልበላ አስቀመጥኩት።

«አለም፣ ሞሪስ እስር ቤት ቢገባ ዳኒ አይነሣም። እኛ ሐቬሪም ነን። ሐቬር ሐቬርን አያጋልጥም። አንተስ ሐቬራችን አይደለህም እንዴ?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም እንደዚህ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ስንት ቀን በምግብ ሰዓት ብቻዬን ተቀምጫለሁ። ስንት ጊዜ ቀልድ ሲቀልዱ «አለም አይገባውም» ብለው አልፈውኛል። አሁን ቃሉ መጣ፤ ከብርቱካን ጋር። እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ግን የካድሬው ድምፅ በጆሮዬ ነበር።

ይሁንና አባቴም ነበር በጆሮዬ። አባቴ «አላውቅም» ብሎ ጎረቤቱን አዳነ። በቤታችን ይህ የሚነገር ነገር ነው፤ እጁን እያየን ነው ያደግነው። ታዲያ እኔ «አላውቅም» ብል ከእሱ በምን እለያለሁ? ያን ዕለት መለየት አልቻልኩም።

በማግሥቱ መኮንኑ መጣ። ጠይም፣ ድካም ያለበት ሰው ነው። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ «መትረየሱ ለምን ዘገየ? አንተ ምን አየህ?» አለኝ።

«ዕብራይስጤ ጥቂት ነው» አልኩት። «ወድቄ ነበር። አላየሁም።»

ጥያቄውን በቀላል ቃል ደገመው፤ እንደ ሕፃን እያዘገመ። ሁሉም ገብቶኝ ነበር። ራሴን ነቀነቅኩ። «አልገባኝም» አልኩ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጀግና ነህ» ብሎኝ ወጣ። ሰዎች ከሚንቁኝበት ነገር ሥር ገብቼ ተደበቅኩ። ከቁስሉ ይልቅ ያ አመመኝ።

አባቴ ከሰዓት በኋላ መጣ። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። እስክጨርስ አላቋረጠኝም።

«ሟቹ እናት አለችው?»

«አለችው፤ አባትም አለው። ሐዘን ተቀምጠዋል።»

«አንተ ነህ መጨረሻ ላይ አብረኸው የነበርክ?»

«እኔ ነኝ።»

ጣቶቹ በማይታጠፉት እጁ የአልጋዬን ብረት ያዘ። «እኔ የተስፋሁንን አሟሟት የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው» አለ። «ያን ጊዜ ውኃ ፍለጋ ሄጄ ነበር። አጠገቡ የነበረው ሰውዬ፣ ምን እንዳለ፣ ወዴት እንደዞረ፣ ውኃ እንደጠየቀ፣ ውኃ እንዳልነበረ ሁሉንም ነገረኝ። ክፉ ነገር ነበር። ግን ባይነግረኝ ኖሮ እስከ ዛሬ በየሄድኩበት ያን ልጅ እፈልገው ነበር።»

«አባዬ፣ እርስዎ ግን ለካድሬው አልተናገሩም።»

«ካድሬው የማን እናት ነው?» አለኝ።

ለቅሷቸው ሰባት ቀን ነው፤ በስድስተኛው ቀን ፈቃድ ጠይቄ በክራንች ወጣሁ። ከአባቴ ጋር በሁለት አውቶቡስ ክርያት ሞጽኪን ደረስን። ቤቱ አራት ፎቅ ያለው ሕንፃ ውስጥ ነው። ከሕንፃው በር አጠገብ ባለችው አጭር አጥር ላይ ሞሪስ ተቀምጧል። ጢሙ አድጓል፤ ከስቷል። እንዳየን ተነሣ።

«ስንት ቀንህ ነው እዚህ?» አልኩት።

«ከቀብሩ ማግሥት ጀምሮ። ጧት እመጣለሁ። መግባት አልቻልኩም።»

«ና ግባ።»

ራሱን ነቀነቀ። አባቴ አያውቀውም፤ ግን ጎንበስ ብሎ ሰላም አለው። አልፈነው ደረጃውን ወጣን።

ቤቱ በሰው ተሞልቷል። የዳኒ እናት አጭር ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሽበታም፣ ቀጭን ሴት ነች። በዕብራይስጥ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለም፤ እንዲህ ያለችን እናት «አንቺ» ብሎ ማነጋገር ከብዶኝ ስሜን ብቻ ነገርኳት። እጄን ያዘች።

«አንተ ነህ አለም? ዳኒ ስላንተ ይናገር ነበር።»

ደነገጥኩ። «ስለኔ?»

«ከሁሉም የምተማመንበት የሬዲዮ ሰው አለኝ ይል ነበር። ወንድሙ ሞቶበታል፣ ስለዚህ አሒ አትበሉት ብያቸዋለሁ ይል ነበር።»

ሞሪስ ነግሮት ኖሯል ማለት ነው። ሌሎቹም ያን ቃል ለኔ ያልተጠቀሙበት በዳኒ ትእዛዝ ኖሯል። እኔ ንቀት መስሎኝ ነበር። አንድም ቀን አልነገረኝም።

ከዚያ ነገርኳቸው። ፍንዳታውን፣ ራሚን፣ በማሰሪያው እንዴት እንደጎተተኝ፣ ስለ ሬዲዮው እንደጠየቀኝ። እናቲቱ እያንዳንዷን ቃል ትደግማለች፤ «ሬዲዮው ይሠራል?»፣ «ጥራ»። አባትየው ግን ቆሞ ነበር የሚሰማው። የድሮ ወታደር ነው።

«መትረየሱ ከላያችሁ ነበር» አለኝ። «ለምን አልተኮሰም?»

ኦፊርም እዚያ ነበር፤ ግድግዳውን ተደግፎ ያየኛል። አባቴ ዕብራይስጥ አይሰማም፤ ነገር ግን ጥያቄው ምን እንደሆነ ከፊቴ አወቀ። አፌን ከፈትኩ። ያሰብኩት እውነቱን ልናገር ነበር። የወጣው ግን «ተቀረቀረ» የሚል ነው።

ማፈሬን ዛሬም ልነግራችሁ አልችልም።

«አልተቀረቀረም» አለ ከበሩ በኩል የሆነ ድምፅ።

ሞሪስ ነበር። ተከትሎን ወጥቷል። ቆቡን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞታል።

«መሣሪያው ደህና ነበር። እኔ ነኝ የፈራሁ። ዳኒ ሲጠራኝ ሰምቼዋለሁ። ሁለት ጊዜ ነው የጠራኝ። እጄ እምቢ አለኝ። አለም አይቶኛል። እሱ የዋሸው ለኔ ብሎ ነው።»

ኦፊር «ሞሪስ፣ ዝም በል» አለ። የዳኒ አባት ማንንም ሳያይ ወደ ሰገነቱ ወጣና በሩን ከኋላው ዘጋ። እናቲቱ ሞሪስን ረጅም ጊዜ አየችው።

«ዕድሜህ ስንት ነው?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ዛሬ ልሰማህ አልችልም» አለች። ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «ነገ ጧት ከለቅሶ እንነሣለን። ከተነሣን በኋላ ና። ሁሉንም ትነግረኛለህ። አሁን ግን ሂድ።»

ይቅርታ አላለችውም፤ አልረገመችውም። ሄደ።

እኔም አባቴም ተከትለነው ወረድን። በአውቶቡሱ ሞሪስ መስኮት አጠገብ ብቻውን ተቀመጠ። አባቴ «ልጁ ምን ብሎ ነው?» አለኝ። ተረጎምኩለት። እኔ ያልኩትንም፣ ውሸቱን፣ ነገርኩት። ተቆጥቶ አያውቅም፤ ያን ቀንም አልተቆጣኝም። ከአጠገቤ ተነሥቶ ሄደና ከሞሪስ ጎን ተቀመጠ። በመካከላቸው አንድ ቋንቋ የለም። እስከ ሀዳር ድረስ ሁለቱም ቃል ሳይተነፍሱ ወደ ፊት እያዩ ሄዱ። እኛ ወረድን፤ ሞሪስ ወደ ቲራት ካርሜል ቀጠለ። በማግሥቱ ክርያት ሞጽኪን መሄዱን ኋላ ሰማሁ።

መኮንኑን እኔው ራሴ አስጠርቼ ቃሌን አቃናሁ። ተቆጣ፤ «ዕብራይስጥህ በሳምንት ውስጥ ተሻሻለ» አለኝ። የሚገባኝ ነበር። ሞሪስ ተፈርዶበት ጥቂት ወራት ታሠረ፤ ከዚያ ከሠራዊቱ ተሰናበተ። የምድቡ ልጆች ከዚያ ወዲህ ሰላም አላሉኝም። ኦፊርን ዓመታት ቆይቶ ገበያ ውስጥ አገኘሁት፤ ፊቱን አዞረ። አልፈርድበትም። ለሚወደው ልጅ ብሎ ያደረገው ነው። እኔ የቀረኝን ጊዜ መጋዘን ውስጥ ብርድ ልብስ ስቆጥር ጨረስኩ። ሞሪስ ቲራት ካርሜል ውስጥ ጋራዥ ከፈተ፤ አለ እስከ ዛሬ። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ እንደዋወላለን። ስለ መኪና እናወራለን።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ቃሉን የማልለው ስለምጠላው አይደለም። ሰው «ወንድሜ» ሲለኝ መጀመሪያ ምን ሊጠይቀኝ እንደሆነ እጠብቃለሁ። ብዙ ጊዜ ሰዓት ነው የሚጠይቀኝ፤ እነግረዋለሁ። ይህ ከዚያ ኮረብታ የተረፈብኝ አመል ነው፤ ለማንም አልመክረውም። እናንተ እንደለመዳችሁት በሉ።

ከዘጠኛችን በዚያ ጧት ሁለት ሰው ሞተ፤ ዳኒና ራሚ። የቆሰልኩት እኔ ብቻ ነኝ። ዳኒ የተቀበረው ከወላጆቹ ቤት ብዙ ሳይርቅ ነው፤ ራሚ ሐይፋ። ለሞቱ ወታደሮች መታሰቢያ በሆነው ቀን ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ በሀገሩ ሁሉ ሳይረን ይጮኻል፤ ሰው ሁሉ ባለበት ይቆማል። በሁለቱም መቃብር በአንድ ጊዜ መቆም አይቻልም። አንዱን ዓመት ዳኒ ዘንድ፣ አንዱን ዓመት ራሚ ዘንድ እቆማለሁ። ዘንድሮ የራሚ ተራ ነው።